የቦዶ 103 ግቦች የኮሮና ስጦታ አይደሉም

ሰሞኑን ስለ ኖርዌይ ከፍተኛ የእግር ኳስ ሊግ የ2020 የውድድር ዘመን በአማርኛ የተጻፈ አንድ ሐተታ አነበብኩ። ስለዚያች አገር ሊግ በቋንቋችን የሚጻፍ ነገር ብርቅ ስለሆነ በደስታ ጀመርኩት፤ ስጨርሰው ግን ተናድጄ ነበር። ጸሐፊው የሰሜን ኖርዌዩ ክለብ ቦዶ ግሊምት በዚያ ዓመት ያነሣውን ዋንጫ የኮሮና ስጦታ ነው ይሉታል። ክርክራቸው ባጭሩ ይህን ይመስላል፤ ባዶ ስታዲየም ታላላቆቹን ክለቦች ጉልበት ነሣቸው፤ ሰው ሠራሽ ሣርና የሰሜኑ ንፋስ ለቦዶ አደሉለት፤ በደካማ ሊግ 103 ግብ ማስቆጠር የተሸናፊዎቹን ድክመት እንጂ የአሸናፊውን ብርታት አያሳይም፤ ከቡድኑ ጋር የሠራው የተዋጊ ጄት አብራሪ ታሪክ ለጋዜጠኛ የሚመች ተረት ነው፤ ሰሜን ኖርዌይ ተገፍታ ኖራለች የሚባለው የተጋነነ ስሜት ነው፤ ቡድኑም የአንድ ወቅት ብልጭታ ነበር። (በዚህ ምላሽ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. የሚል ካልተጻፈባቸው በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የምኖረው ትሮንድሄም ነው። ትሮንድሄም ደግሞ የሮዘንቦርግ ከተማ ናት፤ በኖርዌይ ከሁሉ የበለጠ ዋንጫ ያነሣ፣ ከ1992 እስከ 2004 ድረስ 13 ጊዜ በተከታታይ ሻምፒዮን የሆነ ክለብ ከተማ። ስለዚህ ቦዶን የምከላከለው የሠፈሬ ልጅ ስለሆነ አይደለም። በዚያ ዓመት አብረውኝ የሚሠሩ ሰዎች ሰኞ ሰኞ ጠዋት በቡና ሰዓት፣ ሰሜኖቹ መቼም ይደክማሉ፣ ኦክቶበር ሲደርስ ይወድቃሉ ይሉ ነበር። ኦክቶበር መጣ፤ አልወደቁም። ኖቬምበር መጣ፤ ዋንጫውን ወሰዱ። እኔም ያን ወቅት ከመጀመሪያው ሳምንት እስከ መጨረሻው ስለተከታተልኩት፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ተነሥቶ የዕድል ጉዳይ ነበር የሚል ሰው ሲገኝ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በሐተታው ውስጥ ከአንድ ቁጥር በቀር ሌላው ስለሌለ መጀመሪያ ሰንጠረዡን ላስቀምጥ። ቦዶ ግሊምት 30 ጨዋታ አደረገ፤ 26 አሸነፈ፣ በ3 አቻ ወጣ፣ በአንድ ብቻ ተሸነፈ። 103 ግብ አስቆጠረ፣ 32 ተቆጠረበት። ነጥቡ 81 ነበር። ሁለተኛ የወጣው ሞልደ 62፣ ሦስተኛው ቮሌሬንጋ 55፣ አራተኛው ሮዘንቦርግ 52 ነጥብ ሰበሰቡ። ከዚያ በፊት በ30 ጨዋታ ከተሰበሰበው ሁሉ የሚበልጠው ነጥብ ሞልደ በ2014 ያገኘው 71 ነበር። ይህ ክብረ ወሰን በአሥር ነጥብ ተሻሻለ። የግቡ ክብረ ወሰን ሮዘንቦርግ በ1997 በ26 ጨዋታ ያስቆጠራቸው 87 ግቦች ነበሩ። የጨዋታው ብዛት እኩል ስላልሆነ በአማካይ እንመዝነው ቢባል እንኳ የዚያ ዘመኑ ሮዘንቦርግ በአንድ ጨዋታ 3.35፣ ቦዶ 3.43 ነው። በአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ታላላቆችን ያስጨነቀውን፣ በአገሪቱ ታሪክ ከሁሉ የሚፈራውን ቡድን በግብ በልጦታል ማለት ነው።

አሁን ወደ ኮሮናው ልሂድ። ጸሐፊው ዋንጫውን ከበሽታው ጋር ሲያጣብቁት ውድድሩ እንዴት እንደተካሄደ አንድም ቦታ አልነገሩንም። ሊጉ በአፕሪል መጀመሪያ ሊከፈት ታቅዶ በወረርሽኙ ምክንያት ወደ ጁን 16 ተገፋ፤ ዲሴምበር 22 ተጠናቀቀ። 16 ክለቦች፣ 30 ሳምንታት፣ ሁሉም ከሁሉም ጋር በሜዳውም ከሜዳው ውጭም። አንድም ዙር አልተቀነሰም። በወረርሽኙ የተጎዳ ሊግ ምን እንደሚመስል ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሌላ ቦታ ይመልከት። ኔዘርላንድ በዚያው ጸደይ ያለ ሻምፒዮን ሊጓን ዘጋች። ፈረንሳይ ጨዋታዎቹ ሳያልቁ ዋንጫውን ለፓሪስ ሰን ዠርመን ሰጠች። የእኛው ፕሪሚየር ሊግም የ2012 ዓ.ም. ውድድሩ ያለ አሸናፊ ተሰርዟል፤ ያን ጊዜ ግማሽ መንገድ ላይ የቀረ ቡድን የሚደግፍ ሰው ሕመሙን ያውቀዋል። ኖርዌይ ግን ዘግይታ ጀመረች፣ እስከ መጨረሻው ተጫወተች፣ አሸናፊዋን በሜዳ ለየች። ከዚህ የበለጠ ሙሉ የውድድር ዘመን ምን ሊሆን እንደሚችል ጸሐፊው ቢነግሩኝ እወዳለሁ።

የባዶው ስታዲየም ነገርም ተገልብጦ ነው የቀረበው። እውነት ነው፣ በዚያ ዓመት ወደ ሜዳ መግባት የተፈቀደው በመቶዎች ለሚቆጠር ሰው ብቻ ነበር። ግን ይህ ማንን ጎዳ? ቦዶ ከአርክቲክ ክበብ በላይ ያለች፣ ከ50 ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ሕዝብ ያላት ከተማ ናት። ስታዲየሟ አስፕሚራ ስምንት ሺህ ያህል ሰው ይይዛል። ከከተማው ነዋሪ ጋር ሲመዛዘን በዚህ መጠን ሜዳውን የሚሞላ ደጋፊ በሌላ ቦታ በቀላሉ አይገኝም። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ትልቅ ቢጫ የጥርስ ብሩሽ ይዘው የሚመጡ ሰዎች ናቸው፤ የክለቡ መለያ ሆኗል። ክለባቸው የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ባነሣበት ዓመት እነዚያ ሰዎች ቤታቸው ተቀምጠው በቴሌቪዥን ነው ያዩት። ዋንጫው የተረጋገጠው ኖቬምበር 22 ቀን ድራመን ከተማ ላይ፣ ስትሮምስጎድሴትን 2 ለ 1 ባሸነፉበት ጨዋታ ነበር፤ ገና አምስት ሳምንት ሲቀር። ከአርባ ዓመት በላይ ሲጠብቁት የኖሩትን ቀን በቦታው ሆነው ሳያዩት ቀሩ። ይህንን ስጦታ ብሎ መጥራት ለእኔ ጭካኔ ነው።

ጸሐፊው ሊያነሡት ይገባ የነበረ፣ ግን ያላነሡት አንድ ጠንካራ ነጥብ አለ፤ እኔው ላንሣላቸው። ሞልደ በዚያ መከር በሻምፒዮንስ ሊግ ማጣሪያ፣ ከዚያም በዩሮፓ ሊግ ምድብ ውስጥ ነበር። በምድቡ ከአርሰናል፣ ከራፒድ ቪየናና ከደንዶክ ጋር ስድስት ጨዋታ አድርጓል፤ ይህ እግርን ያዝላል። ሮዘንቦርግም ሊጉ ገና እንደተጀመረ አሰልጣኙን ኤሪክ ሆርነላንድን አጥቶ፣ ኋላ ኦገ ሃሬይደ እስኪመጣ ድረስ ተንገዳግዷል። ስለዚህ ልዩነቱ 19 ነጥብ ድረስ እንዲሰፋ የተቀናቃኞቹ ችግር የራሱ ድርሻ አለው፤ ይህን እቀበላለሁ። ነገር ግን የተቀናቃኝ ችግር የነጥብ ልዩነትን ያሰፋል እንጂ 81 ነጥብ አያስገኝም። ሞልደ ራሱ በ2014 የሰበሰበውን 71 ነጥብ በ2020 ቢደግመው እንኳ ዋንጫው ከቦዶ አይወጣም ነበር።

ስለ ሰው ሠራሽ ሣሩ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የበሬውን ተረት ነው ያስታወሰኝ፤ ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየውን። በዚያ ዓመት ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡት ሞልደና ቮሌሬንጋም በሜዳቸው የሚጫወቱት በሰው ሠራሽ ሣር ላይ ነው። ዋንጫው የተረጋገጠበት የድራመኑ ሜዳም እንዲሁ። ሣሩ ሻምፒዮን የሚያደርግ ከሆነ ለምን ለእነሱ አላደረገም? ቦዶ ብቸኛውን ሽንፈቱን የቀመሰውም ሞልደ ላይ፣ በዚያው ዓይነት ሣር ላይ ነው። ንፋሱን በተመለከተ ደግሞ፣ አዎን፣ ቦዶ ውስጥ ንፋስ አለ። ያ ንፋስ ቤቱ ከመጣው እንግዳ ይልቅ በየቀኑ በዚያው ሜዳ ኳስ እየተቀባበለ ለሚለማመደው ቡድን ይከብዳል፤ አጭርና ፈጣን ቅብብል የሚጫወት ቡድን ንፋስ አይመርጥም።

ሊጉ ደካማ ነው የሚለው ክስ ከሁሉ የከበደ ስለሆነ እዚህ ላይ ልቆይ።

ሴፕቴምበር 24 ቀን 2020 ቦዶ ግሊምት በዩሮፓ ሊግ ሦስተኛ ማጣሪያ ሳን ሲሮ ገባ። በወረርሽኙ ምክንያት ማጣሪያው በአንድ ጨዋታ የሚወሰን፣ መልስ የሌለው ነበር። ሳን ሲሮ ሰው ሠራሽ ሣር የለም፣ የሰሜን ንፋስም የለም። 15ኛው ደቂቃ ላይ ዴንማርካዊው ካስፐር ዩንከር ለቦዶ አስቆጠረ። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ሃካን ቻልሃኖግሉ አቻ አደረገ፤ ወጣቱ ሎሬንዞ ኮሎምቦና ራሱ ቻልሃኖግሉ ደግሞ 3 ለ 1 አደረሱት። በእንዲህ ያለ ቦታ ከትንሽ ከተማ የመጣ ቡድን ወደ ኋላ ሸሽቶ በርከት ያለ ግብ እንዳይቆጠርበት ነው የሚለምነው። ቦዶዎች ወደፊት ሄዱ። የከተማዋ ልጅ የንስ ፔተር ሃውገ ከሩቅ መትቶ 3 ለ 2 አደረገው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ፊሽካው ድረስ የተጨነቀው ሚላን ነበር። ዝላታን ኢብራሂሞቪች በዚያው ቀን ኮሮና ተገኝቶበት አልተሰለፈም፤ ይህም መነገር አለበት። ቢሆንም ያ ሚላን በዚያ የውድድር ዘመን የጣሊያን ሊግን ሁለተኛ ሆኖ የጨረሰ፣ በቀጣዩም ሻምፒዮን የሆነ ቡድን ነው።

ቦዶ ተሸንፎ ወጣ፤ ይህን አልክድም። ከሽንፈቱ በኋላ የሆነው ነገር ግን ከማንኛውም ክርክር ይበልጣል። በሳምንቱ ሚላን ሃውገን ገዛው። እንግዲህ ሚላን ያየውን ጸሐፊው አላዩም ማለት ነው። በሊጉ 14 ግብ ያስቆጠረ የክንፍ አጥቂ በወቅቱ እኩሌታ ላይ ተሸጠ፤ የተቀሩት ግን ገና ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ማሸነፋቸውን ቀጠሉ። የሥራ ባልደረቦቼ ይወድቃሉ ያሉት በዚህ ጊዜ ነበር። ዩንከር 27 ግብ በማስቆጠር የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆነ። በቀኝ ክንፍ ይጫወት የነበረው ሌላው ዴንማርካዊ ፊሊፕ ዚንከርናገል 19 አስቆጠረ። የሦስቱ ድምር ብቻ 60 ነው። ዚንከርናገል በ2018 ሲመጣ ከማን እንደመጣ ታውቃላችሁ? ከሄልሲንግዮር፤ በዚያው የውድድር ዘመን ከዴንማርክ ከፍተኛ ሊግ መጨረሻ ሆኖ ከወረደው ቡድን። ሌላው ቦታ ያልታየውን ሰው አግኝቶ እንዲህ ማድረግ የክለቡ ሥራ ነው፤ ሊጉ ቀላል ስለሆነ ብቻ እንዲህ የሚሆን ቢሆን ኖሮ በሌሎቹ 15 ክለቦች ውስጥም 19 ግብ ያላቸው የክንፍ ተጫዋቾች በብዛት ባየን ነበር።

ስለ ተቀናቃኞቹ ድክመትም አንድ ነገር ልጨምር። ከቦዶ በ19 ነጥብ ርቆ ሁለተኛ የወጣው ሞልደ በዩሮፓ ሊጉ ምድቡን አልፎ፣ በፌብሩዋሪ 2021 የጀርመኑን ሆፈንሃይምን በጥሎ ማለፍ አሰናበተ፤ በመጀመሪያው ጨዋታ 3 ለ 3 ተለያይቶ፣ ጀርመን ሄዶ 2 ለ 0 አሸንፎ። ከቡንደስሊጋ የመጣ ቡድን መርታት የሚችል ክለብ በአገሩ ሊግ በዚህ ያህል ርቀት ከተበለጠ፣ የበለጠውን ቡድን ማመስገን እንጂ ሊጉን ማንቋሸሽ ትክክል አይመስለኝም። የኖርዌይ ሊግ ከእንግሊዝ ወይም ከስፔን ጋር እኩል ነው ያለ ሰው የለም። በዚያ ዓመት ሕዝቧ አምስት ሚሊዮን ተኩል የማይሞላ አገር ነበረች። ጥያቄው ግን ከዚያች አገር ሊግ ውስጥ ይህን ያህል የገነነ ሌላ ቡድን ነበር ወይ የሚለው ነው፤ በሰንጠረዡ ላይ የለም።

የአብራሪውን ጉዳይ በተመለከተ ከጸሐፊው ጋር የምስማማበት ነገር አለ። ጋዜጠኞች አበዙት። ብዮርን ማንስቬርክ የኖርዌይ አየር ኃይል ተዋጊ ጄት አብራሪ ነበር፤ በ2017 የተጫዋቾቹ የአእምሮ አሰልጣኝ ሆኖ ከክለቡ ጋር መሥራት ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ቦዶ የሚጽፍ ሁሉ አብራሪው አሸነፈ የሚል ርዕስ ይሰጣል። ኳስ ያቀበለው፣ የሮጠው፣ ግብ ያስቆጠረው ግን ሌላ ሰው ነው። የቤርገን አካባቢ ሰው የሆነው አሰልጣኝ ሼቲል ክኑትሰን በ2017 ረዳት ሆኖ መጥቶ በ2018 ዋና አሰልጣኝ ሲሆን፣ ቡድኑ በ4-3-3 አሰላለፍ ኳስ በተነጠቀበት ቅጽበት ተመልሶ እንዲነጥቅ፣ በልምምድ ላይም ልክ በጨዋታ ቀን በሚሮጥበት ፍጥነት እንዲሮጥ አድርጎ ቀረጸው። ፓትሪክ በርግ ከተከላካዮቹ ፊት ቆሞ ጨዋታውን ያከፋፍል ነበር፤ ኡልሪክ ሳልትነስና ሶንድረ ፌት ከፊቱ ይሮጡ ነበር፤ አይስላንዳዊው አልፎንስ ሳምፕስቴድና ፍሬድሪክ ብዮርካን ከጎን ከጎን እንደ ክንፍ ይወጡ ነበር። ይህ በየቀኑ የሚደገም አድካሚ ሥራ ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ ግን ነገሩን ተረት ብሎ መጣል ሌላ ጥፋት ነው፤ ሳልትነስን ያየ ሰው እንዲህ አይልም። ይህ አማካይ ተጫዋች ከጨዋታ በፊት በጭንቀት ሆዱን እየታመመ እግር ኳስን ሊተው ደርሶ እንደነበር ራሱ በአደባባይ ተናግሯል። ከማንስቬርክ ጋር ተቀምጦ ጭንቀቱን መነጋገርና መልመድ ጀመረ፤ በ2020 በዚያ አማካይ መስመር ላይ ቋሚ ነበር። ክለቡ ስለ ደረጃ ሰንጠረዥ ግብ አያስቀምጥም፤ ክኑትሰን ስለ ዋንጫ ሲጠየቅ ስለሚቀጥለው ልምምድ ነው የሚመልሰው። ከውጭ ሲታይ የሰለቸ መልስ ይመስላል። አራት ሳምንት ሲያሸንፉ ስለ ዋንጫ ማውራት የሚጀምሩ፣ በአምስተኛው ሳምንት የሚፈርሱ ቡድኖችን ለማየት ሩቅ መሄድ የማያስፈልገን እኛ ግን ይህን ዲሲፕሊን ልንንቀው አይገባም።

አሁን ከሁሉ ያስቆጣኝ ነጥብ ላይ ደርሻለሁ። ሰሜን ኖርዌይ ተገፍታለች የሚለው የተጋነነ ስሜት ነው ይላሉ ጸሐፊው። ስሜት አይደለም፤ የተጻፈ ደንብ ነበር። ኑርላንድ፣ ትሮምስና ፊንማርክ የሚባሉት የሦስቱ የሰሜን ግዛቶች ክለቦች እስከ 1963 ድረስ በአገሪቱ ዋንጫ ውድድር ውስጥ እንዲገቡ አይፈቀድላቸውም ነበር። ወደ ከፍተኛው የሊግ ዲቪዚዮን ለመግባት ደግሞ እስከ 1972 ጠብቀዋል፤ ያን ዓመት የናርቪኩ ምዮልነር የመጀመሪያው ሆኖ ገባ። ምክንያት ተብሎ የሚሰጠው ርቀቱ፣ የጉዞው ወጪ፣ የሰሜኖቹ ደረጃ ዝቅተኛነት ነው። ደረጃቸው እንዳያድግ በር ዘግቶ ደረጃቸው ዝቅ ያለ ነው ማለት ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

በሩ ከተከፈተም በኋላ ቢሆን ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም። ከደቡብ ምድቦች አንደኛ የወጡት ክለቦች በቀጥታ ሲያድጉ የሰሜኑ ምድብ አሸናፊ ግን ከደቡቦቹ ሁለተኞች ጋር ማጣሪያ መጫወት ነበረበት። ቦዶ ግሊምት በ1975 የኖርዌይን ዋንጫ ቫርድን አሸንፎ አነሣ፤ ከሰሜን የመጀመሪያው ክለብ። ዋንጫውን ያነሣው ግን ከፍተኛው ዲቪዚዮን ውስጥ ሳይሆን ነው፤ ማደጉን ያገኘው በ1976 ማጣሪያውን ሲያልፍ ነበር። በ1977፣ በመጀመሪያው ዓመቱ፣ ከሊለስትሮም ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ። ለእነዚህ ሰዎች ነው እንግዲህ ለአሥርተ ዓመታት ከእኛ ጋር ለመጫወት አትመጥኑም ሲባል የኖረው!

ከዚያ በኋላ በ1993፣ በ2003፣ በ2019 ሁለተኛ፤ ከ1977ቱ ጋር አራት ጊዜ የብር ሜዳሊያ። ከሰሜን ኖርዌይ አንድም ክለብ የሊግ ዋንጫ ሳያነሣ ነው 2020 የገባው። በዚያ ቡድን ውስጥ ኳስ ያከፋፍል የነበረው ፓትሪክ በርግ በ1975ቱ ዋንጫ ኮከብ የነበረው የሃራልድ በርግ የልጅ ልጅ ነው፤ አባቱ ኦርያንና አጎቱ ሩናርም ለዚሁ ክለብ ተጫውተዋል። አያት በተዘጋ በር ፊት የጀመረውን የልጅ ልጅ ሲጨርሰው ያየ ሰው፣ ነገሩን ስሜት ብቻ ብሎ የሚያልፈው እንዴት ነው? ስሜት አለበት፤ መኖርም አለበት። ስሜቱ ግን የቆመው በቀንና በደንብ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ወጣ ልበል። ትሮንድሄም ውስጥ ካሉት ኢትዮጵያውያን ወዳጆቼ መካከል ይህን ታሪክ ስነግራቸው ብዙዎቹ ፈጥነው ይገባቸዋል። ከክልል የመጣ ክለብ ዋና ከተማ ገብቶ ሲያሸንፍ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ ከደርግ ዘመን የክፍለ ሀገር ውድድሮች ጀምሮ እያነሡ እነሱ ናቸው ለእኔ የሚያስረዱኝ። ጸሐፊውም በአማርኛ የሚጽፉ ሰው ስለሆኑ ይህ ይጠፋቸዋል ብዬ አላምንም።

የአንድ ወቅት ብልጭታ ነው የሚለውን በአጭሩ ልመልስ፤ ጊዜው ራሱ መልሶታልና። ከ2020 በፊት የነበረውን እንኳ እንዳለ ብንተወው፣ ማለትም በ2016 የወረደው፣ በ2017 ሁለተኛውን ዲቪዚዮን አሸንፎ የተመለሰው፣ በ2018 11ኛ፣ በ2019 ሁለተኛ የወጣው ቡድን ደረጃ በደረጃ መውጣቱን ብንረሳው፣ የኋለኛው አለ። ከ2020 በፊት የ2019 ኮከቡ ሆኮን ኤቭየን ወደ ኔዘርላንዱ አልክማር፣ አጥቂው አሞር ላዩኒ ወደ ካይሮው ፒራሚድስ ሄደው ነበር። ከ2020 በኋላ ዚንከርናገል ወደ ዋትፎርድ፣ ዩንከር ወደ ጃፓኑ ኡራዋ ሄዱ። ከሁለቱ 46 ግብ ነው የሄደው። ቦዶ በ2021 እንደገና ሻምፒዮን ሆነ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 21 ቀን የጆዜ ሞሪንሆን ሮማ 6 ለ 1 አሸነፈ፤ ሞሪንሆ የሚያሠለጥነው ቡድን ስድስት ግብ ሲቆጠርበት የመጀመሪያው ነበር። በ2023ና በ2024 ዋንጫው እንደገና ቦዶ ገባ፤ በ2022ና በ2025 ሁለተኛ።

በ2025 የጸደይ ወራትም በዩሮፓ ሊግ ላትሲዮን አስወጥቶ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። በመጀመሪያው የላትሲዮ ጨዋታ ሁለቱንም ግቦች ያስቆጠረው ያ ሆዱን ይታመም የነበረው ሳልትነስ ነው። ለንደን ላይ ቶተንሃም 3 ለ 1 ሲያሸንፍም የቦዶን ግብ ያገባው እሱ ነው። መልሱ ጨዋታ አስፕሚራ ላይ፣ በዚያ በሚፈራው ሰው ሠራሽ ሣር ላይ ተደረገ፤ ቶተንሃም 2 ለ 0 አሸንፎ ሄደ፣ ዋንጫውንም አነሣ። ሣሩ ያን ቀን ምን ሆኖ ነበር? በዚያ ቡድን ውስጥ በ2020ውም የነበሩት ግብ ጠባቂው ኒኪታ ሃይኪን፣ በርግ፣ ሳልትነስ፣ ብዮርካን ነበሩ፤ ሃውገም ከሚላን፣ ከፍራንክፈርትና ከጌንት በኋላ ተመልሶ ነበር። ብልጭታ አምስት ዓመት አይበራም።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ጸሐፊው በሐተታቸው መጨረሻ አካባቢ፣ ቦዶ በ2020 የኖርዌይን ዋንጫ ደርቦ አለማንሣቱን እንደ ድክመት ቆጥረውበታል። በ2020 የኖርዌይ ዋንጫ ውድድር በኮሮና ምክንያት ተሰርዟል፤ ማንም አልተጫወተውም፣ ማንም አላነሣውም። ወረርሽኙ በዚያ ዓመት ለቦዶ ያደረገው ነገር ካለ፣ ሁለተኛ ዋንጫ የማንሣት ዕድሉን መውሰዱ ነው። ቢያንስ ይህቺን ዓረፍተ ነገር ከጽሑፋቸው እንዲያወጡ እጠይቃለሁ።